ጽናትና እልኽ፦ ብርድ ያሰናከለው ሯጭ ቢያቆም ተሸነፈን?

ጽናት በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ የተመሰገነ ነገር ነው። የጀመረውን የሚፈጽም ሰው ይከበራል፤ ከመንገድ የቀረ ግን ይታማል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ መጻፉን ምእመናን ሁሉ ያውቁታል። ይሁን እንጂ ጽናትን የሚመስል፣ ነገር ግን ጽናት ያልሆነ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም እልኽ ነው። እልኸኛም እንደ ጽኑ ሰው ጥርሱን ነክሶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እልኸኛም ሕመሙን ይችላል፤ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። አባቶቻችን ግን ልዩነቱን ስላወቁ «እልኽ ምላጭ ያስውጣል» ብለው ተርተዋል። ምላጭ የዋጠ ሰው ደፋር ነው ይባል ይሆናል እንጂ ጽኑ ነው አይባልም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው በብርዱ ወራት ሕመም ወይም ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚቀጥለው ብርቱ፣ የሚያቆመው ደካማ ሊባል ይገባልን? ነገሩ የስፖርት ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ሰው ለሰውነቱ፣ ለዓላማውና አብረውት ለሚኖሩ ሰዎች ያለበትን ዕዳ የሚነካ ስለ ሆነ የምግባር ጥያቄ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በምንኖርባቸው የሰሜን አገሮች ግን ክረምት ማለት በረዶና ጨለማ ነው፤ ሠራተኛ ሳይነጋ ከቤቱ ወጥቶ ከመሸ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ለሯጮች ደግሞ ይህ ወቅት ሌላ ትርጉም አለው። በሚያዝያ ወር በቦስተንና በለንደን የሚካሄዱት ታላላቅ የማራቶን ውድድሮች መሠረታቸው የሚጣለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በጸደይ የምናየው ድል በክረምት የተዘራ ነው። የሚዘራውም በግግር በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በሚጢጥ ጉንፋን መካከልና ፀሐይ ገና ሳትወጣ ነው።

በዚህ ወቅት ሁለት ዓይነት ሰዎች በአንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሩጫ እንጀራው የሆነለት ፕሮፌሽናል ነው፤ አሠልጣኝና ሐኪም አለው፤ ብርዱ ቢከብደው ወደ ሞቃት አገር ሄዶ ሊለማመድ ይችላል። ሁለተኛው አማተር የሚባለው ነው። ይህ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የሚወድ» ማለት ነው፤ ይኸውም ለደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚሮጥ ሰው ነው። የቀን ሥራውን ጨርሶ ወይም ከሥራው በፊት ተነሥቶ ይሮጣል፤ ማንም አያስገድደውም፤ ቢያቆምም ማንም አይጠይቀውም። በረዶው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

አስቀድሞ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ሰው ልምምድ ሲጀምር የልቡና የሳንባው ኃይል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጎለብታል፤ ጡንቻውም ይከተላል። አጥንትና ጅማት ግን ዘገምተኞች ናቸው፤ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሯጩ «አሁን ገና ኃይል አገኘሁ» በሚልበት ጊዜ አጥንቱ ሸክሙን ለመቻል ገና አልበቃም። ብዙ ሯጮችን የሚያስቀረው በመደጋገም የሚመጣ የአጥንት መሰንጠቅ የሚደርሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ይህ ስንጥቅ በጊዜው ዕረፍት ቢሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል፤ ሯጩ ችላ ብሎ ቢገፋበት ግን አጥንቱ ፈጽሞ ሊሰበር ይችላል። ትኩሳትም እንደዚሁ ነው። ቀላል የአፍንጫ ጉንፋን ለስላሳ ልምምድን ላይከለክል ይችላል፤ ትኩሳት ይዞት የሚሮጥ ሰው ግን፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ባይደርስም፣ የልብ ጡንቻው ሊቆጣና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። የበረዶ ስፖርት ሰዎች ራሳቸው፣ ማለትም ከብርዱ ጋር ተወልደው ያደጉት፣ ለዚህ ወሰን አበጅተውለታል፤ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ የረጅም ርቀት የስኪ ውድድር አይካሄድም። እነዚህን ሰዎች ፈሪዎች ናቸው የሚል የለም። ብርዱን ስለሚያውቁት ወሰኑን አወቁ።

አሁን ሁላችን ወደምናውቀው ሰው እንምጣ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጣ። የሮጠ እንደ ሆነ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። እርሱ ግን ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ጊዜ አስመዘገበ፤ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ እግሩን ታሞ ወደ ውድድሩ ገባ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም አቋርጦ ወጣ። በዚያው ቀን ማሞ ወልዴ በ36 ዓመት ዕድሜው አሸንፎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስገኘ።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ የቶኪዮው አበበ ጽኑ፣ የሜክሲኮው አበበ ደካማ ነበርን? ሰውዬው አንድ ነው፤ ልቡም አንድ ነው። ልዩነቱ በሰውነቱ ሁኔታ ላይ ነበር። በቶኪዮ የደረሰበት መሰናክል ያለፈ ነበር፤ ቁስሉ ድኖ ነበርና ቀሪው ሥራ ፍርሃትን ማሸነፍ ነበር። በሜክሲኮ ግን መሰናክሉ አላለፈም፤ በያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አንዱን መሰናክል መታገል፣ ሌላውን መቀበል ተገቢ ሆነ። ጽናት እግር ሳይቆም መሄዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህን ሰው ታሪክ ለሁለት ቆርጠን ግማሹን ልናከብር፣ ግማሹን ልንሰውር ይገባን ነበር። ማንም ኢትዮጵያዊ ግን ይህን አያደርግም።

እንግዲህ ጽናትን ከእልኽ የሚለየው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ሁለት ጥያቄዎች ይለዩታል። የመጀመሪያው «የምቀጥለው ስለ ምን ነው?» የሚል ነው። ጽኑ ሰው ዓይኑ በዓላማው ላይ ነው፤ ዓላማው ዕረፍት ቢጠይቅ ያርፋል፤ መንገድ መለወጥ ቢጠይቅ ይለውጣል። የእልኸኛ ዓይን ግን በራሱ ላይ ነው፤ «ምን ይሉኛል» የሚለው ሐሳብ አሥሮታል። ዓላማው ከጠፋ በኋላ እንኳ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ነው። አንድ የቤተሰብ አባት በግግር በረዶ ላይ ሮጦ እግሩን ቢሰብር፣ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ ይቋረጣል፤ ሚስቱ የእርሱን ድርሻ ትሸከማለች፤ ልጆቹም ይጎድልባቸዋል። በዚህ ጊዜ «እኔ ሕመም አልፈራም» ማለቱ ሙሉ እውነት አይደለም፤ ሕመሙን የተሸከሙለት ሌሎች ናቸውና።

እነዚህን ጥያቄዎች በተግባር ለማየት በሚያዝያ 16 ቀን 2018 በቦስተን የተካሄደው ማራቶን መልካም ምሳሌ ነው። ወቅቱ ጸደይ ተብሎ ቢጠራም ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነበር፤ ዝናቡ እንደ ጅራፍ ይገርፍ ነበር፤ ኃይለኛ ነፋስም ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ከታወቁት ፕሮፌሽናሎች ብዙዎቹ አቋርጠው ወጡ። ከሴቶቹ መካከል የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ ለብዙ ኪሎ ሜትር ብቻዋን ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ ብርዱ አሸነፋትና አቆመች። አሜሪካዊው ጌለን ራፕም የመተንፈስ ችግር ደርሶበት ከመንገድ ወጣ።

ያሸነፉት እነማን ነበሩ? ከወንዶች የቀደመው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ ነበር። ይህ ሰው በዚያን ጊዜ በሳይታማ አውራጃ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሙሉ ቀን እየሠራ በትርፍ ጊዜው ይሮጥ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ቀን በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ማርሽፊልድ በምትባል ከተማ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ማለዳ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ ነበር። በሚያዝያ ወር ሌሎችን ያስደነገጠው ብርድ ለእርሱ የሚያውቀው ነገር ነበር። ከሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ሣራ ሴለርስ ደግሞ በአሪዞና የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ በሕይወቷ የሮጠችው ሁለተኛው ማራቶን ነበር፤ ሁለተኛ መውጣቷን ሲነግሯት ማመን አቃታት። 75,000 ዶላርም ተሸለመች።

ይህን የሰማ ሁሉ «አማተሮቹ ጸኑ፤ ለገንዘብ የሚሮጡት ሸሹ» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ለፕሮፌሽናል ሰውነቱ እርሻው ነው፤ በአንድ ቀን ውርጭ እርሻውን የሚያቃጥል ገበሬ ጎበዝ አይባልም። ማሚቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ብቻዋን ነፋሱን እየቀደደች ከመራች በኋላ ማቆሟ ልግመኛ አያሰኛትም፤ የነበራትን ሰጥታ ጨርሳለችና። ጌለን ራፕም ቦስተን ላይ ካቆመ ከሦስት ሳምንት በኋላ በፕራግ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ አሸነፈ። ትንፋሽ አጥሮት በብርዱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ድል ባልተገኘ ነበር። አማተሩ በበኩሉ ሌላ ነጻነት አለው፤ ቢዘገይ እንጀራውን አያጣም፤ ስለዚህ በዝግታም ቢሆን መድረስ ይችላል። እንግዲህ ያቆሙትም የቀጠሉትም እንደየሁኔታቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለቱን ዕዳ በአንድ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይደለም።

በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የሴቶቹ አሸናፊ የዴዚሬ ሊንደን ታሪክ ነው። ይህች ሴት በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ውድድሩን አቋርጣ ነበር፤ ኋላም የጭኗ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ። በ2018 ቦስተን ላይም በሩጫው መጀመሪያ ሰውነቷ እንቢ ስላላት ልታቆም አስባ ነበር። እንደማትጨርስ ስለ ገመተችም ለአገሯ ልጅ ለሻለን ፍላናገን «እርዳታ ከፈለግሽ አለሁልሽ» የሚል መንፈስ ያለው ቃል ነገረቻት። ፍላናገን ለአጭር ጊዜ ከመንገድ ወጥታ መጸዳጃ ስትገባ፣ ሊንደን ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀቻት፤ አብረውም ወደ መሪዎቹ ተመለሱ። ለራሷ የነበራትን ተስፋ ትታ ሌሎችን ስትረዳ ሳለ ሳታስበው ወደ ፊት ቀረበች፤ በመጨረሻም በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ አንደኛ ሆና ገባች። ከ1985 ወዲህ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች።

ከዚህ የምንማረው «ለሌላው ያሰበ ሁልጊዜ ያሸንፋል» የሚለውን አይደለም፤ ብዙ ደጋጎች ሳያሸንፉ ቀርተዋልና። የምንማረው ሌላ ነገር ነው። ሊንደን በ2012 ማቆሟም በ2018 መቀጠሏም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ከክብሯ ይልቅ እውነቱን ተመለከተች። የጭን አጥንቷ ሲሰነጠቅ እውነቱ «አቁሚ» አላት። ቦስተን ላይ ደግሞ ድካም እንጂ ጉዳት አልነበረባትም፤ የሚጠብቃት ሰውም ነበረ፤ ስለዚህ እውነቱ «ጥቂት ቆዪ» አላት። እልኸኛ ብትሆን ኖሮ ለንደን ላይ እግሯን ትሰብር ነበር፤ ልግመኛ ብትሆን ኖሮ ቦስተን ላይ ትወጣ ነበር።

አንዳንድ አንባቢ «እንዲህ ያለ ትምህርት ለሰነፍ ሰበብ ይሰጣል፤ ማንም ቀዝቀዝ ባለው ቁጥር ‹ሰውነቴን ማክበሬ ነው› እያለ ከአልጋው አይነሣም» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቀላሉም መታለፍ የለበትም። መልሳችን ይህ ነው፦ በትክክል ያቆመ ሰው ከማቆሙ ጋር ሥራ ይረከባል። አጥንቱ የተሰነጠቀ ሯጭ እንዲያርፍ ሲታዘዝ በውኃ ውስጥ ይለማመዳል፤ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ በጊዜው ይተኛል፤ የተነገረውን ሳምንት ሳይሸርፍ ይጠብቃል። ለሚወድ ሰው ከመሮጥ ይልቅ አለመሮጥ የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ በመስኮት የሌሎችን ሩጫ እያየ ስድስት ሳምንት የታገሠ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሰነፍ ካቆመ በኋላ የሚሠራው ነገር የለውም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፦ «ሰው በሩጫው መካከል ሳለ ድካሙን ከጉዳት እንዴት ይለያል?» የሚል። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይለይም። ፍላጎቱ ያታልለዋል፤ ፍርሃቱም ያታልለዋል። ስለዚህ ማንም በራሱ ጉዳይ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። ይህን ሥርዓት ከጾማችን እናውቀዋለን። ሕመምተኛ ጾሙን በራሱ ፈቃድ አይተወውም፤ በራሱ ግትርነትም ሕይወቱን አይጎዳም፤ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ አባትም አይተው ያቀልሉለታል። ሲቀልለትም ጾሙን እንደ ሻረ አይቈጠርበትም። ሯጭም አሠልጣኝ ወይም ሐኪም፣ ይህ ቢቀር እውነቱን የሚነግረው ወዳጅ ያስፈልገዋል። ብቻውን የሚሮጥ አማተር ከፕሮፌሽናሉ ይልቅ ለጉዳት የሚጋለጠው ኃይሉ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ «ዛሬስ ይብቃህ» የሚለው ሰው ስለሌለውም ነው።

የአበበን ታሪክ በሜክሲኮ ላይ ትተነው ነበር። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በዓለም ላይ ከእርሱ ይልቅ «አበቃልኝ» ለማለት ምክንያት የነበረው ሰው አይገኝም። እርሱ ግን በ1970 በዚያው በእንግሊዝ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971 ደግሞ አካል ጉዳተኞች ወደሚወዳደሩበት ጨዋታ ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ፤ በዚያም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ውድድር ገብቶ 16 ተወዳዳሪዎችን ቀድሞ አሸነፈ። በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው የኢትዮጵያ ልጅ፣ እግሮቹ ከከዱት በኋላ በሰሜን በረዶ ላይ ቀደመ። እልኽ ቢሆን ኖሮ ከሩጫው ጋር አብሮ በሞተ ነበር፤ እልኽ ያጣውን ነገር ብቻ ይመለከታልና። ጽናት ግን የቀረውን ይጠይቃል፤ ለአበበ እጆቹ ቀርተውለት ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከልጆቻችን ብዙዎቹ በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ለሩጫ ቡድን ይሰለፋሉ፤ ስማችንም በዓለም የታወቀው በሩጫ ስለ ሆነ ከሌሎች ይልቅ ይጠበቅባቸዋል። ከእነርሱ አንዱ በብርዱ ወራት እያነከሰ ቤት ቢገባ፣ «የአበበ ልጅ አይደለህም ወይ?» ብለን ወደ በረዶው ልንመልሰው ይቃጣን ይሆናል። ነገር ግን አበበ ያቆመበትም ቀን እንደ ነበረ ልንነግረው ይገባል። መጀመሪያ እግሩን እንይለት፤ ሐኪም ያስፈልገው እንደ ሆነ እንውሰደው፤ እንዲያርፍ ከታዘዘም የዕረፍቱን ሳምንታት አብረን እንቍጠርለት። ሲድን ደግሞ፣ አልጋው ቢሞቀውም እንኳ፣ ማልዶ እንዲነሣ እንቀስቅሰው። ሁለቱንም ያየ ልጅ ማቆምና መቀጠል የየራሳቸው ጊዜ እንዳላቸው ይማራል፤ ይህም ትምህርት ሩጫውን ከተወ በኋላ እንኳ ያገለግለዋል።